ከቦርከና በተሰበሰቡ እጮች ሆድ ውስጥ የፕላስቲክ ክር፦ ወደ አዳኞቹ መተላለፉን በምን ላረጋግጥ?

ጦሳ_ሥር፦

ጤና ይስጥልኝ። ቦርከና ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ያሰብኩትን ሥራ ዕቅድ የምታውቁ ሰዎች ሳትራሩ ብትተቹልኝ ብዬ ነው።

የናሙና ቦታዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ወንዙ ደሴ ሳይደርስ በኩታበር በኩል፤ ሁለተኛው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፤ ሦስተኛው ሌዮሌና ወርቃ ከተቀላቀሉት በኋላ፣ ወደ ጨፋ ሲወርድ። ከየቦታው የምሰበስበው ቀዩን የቺሮኖሚድ (ቢምቢ የሚመስል ግን የማይናከስ በራሪ ነፍሳት) እጭ፣ የሜይፍላይ እጭና መረብ የሚዘረጋውን የካዲስፍላይ እጭ (ሃይድሮፕሳይኪድ) ነው። ከአዳኞች ደግሞ የድራጎንፍላይ እጭ፣ በጀርባው የሚዋኘውን የውሃ ትኋንና አልቅት።

ያለኝ መሣሪያ እስከ 40 እጥፍ የሚያሳይ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ተራው ባለ ስላይድ ማይክሮስኮፕ፣ ማድረቂያ ኦቨን፣ የቫኩም ማጣሪያና ጥሩ ሚዛን ነው። ኤፍቲአይአር (የክሩን ዓይነት በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለየው መሣሪያ) የለም።

ጥያቄዎቼ፦ ሥጋውን በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ60 ዲግሪ፣ ለ24 ሰዓት ማሟሟት ይበቃል? ከየዓይነቱ ስንት እንስሳ ልያዝ? የድራጎንፍላዩ እጭ ከቺሮኖሚዱ የበለጠ ክር ከተገኘበት «በምግብ ሰንሰለቱ እየተከማቸ ይሄዳል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ? በእንስሳቱ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትስ ከዚሁ ናሙና ማውጣት ይቻላል?

እህታችሁ።

ወንፊት፦

አብሽሪ፣ ዕቅዱ መጥፎ አይደለም፤ ግን 60 ዲግሪውን ተዪው። ፖሊስተር በጠንካራ ቤዝና በሙቀት ይበላል፣ አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ክር በብዛት ፖሊስተር ነው። 40 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት አቆይው። ሥጋው ያልቃል፣ ክሩ ይተርፋል።

አዘገጃጀቱ፦ 100 ግራሙን የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፍሬ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ላይ በትንሽ በትንሹ እያማሰልሽ ጨምሪ። ውሃውን ፍሬው ላይ አታፍሺ፣ ፈልቶ ይረጫል። ሲበርድ እስከ 1 ሊትር ሙይው። ከዚያ በ1.2 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የግላስ ፋይበር ማጣሪያ አሳልፈሽ ብቻ ተጠቀሚበት፤ ከፋብሪካ የመጣ ኬሚካልም ሆነ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ክር አይጠፋም። ለ30 የቺሮኖሚድ እጭ 10 ሚሊ ሊትር ከበቂ በላይ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ኪቲኑ (የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ጠንካራ ነገር) ላይ ነው። የእጩ ራስ፣ ቆዳውና የአንጀቱ ስስ ሽፋን ኪቲን ስለሆኑ ይህ ቤዝ አይነካቸውም። ክሩም እዚያ ሽፋን ውስጥ እንደተጠቀለለ ይቀርና «ምንም የለም» ብለሽ ታልፊዋለሽ። ስለዚህ ከ48 ሰዓቱ በኋላ አጣሪ፣ በተጣራ ውሃ ደህና አድርገሽ እጠቢ፣ ከዚያ ማጣሪያውን 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ ለ24 ሰዓት ንከሪ። ኪቲኑ ነጥቶ መስታወት ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ክር ይታያል። ሳታጥቢ ፐርኦክሳይድ ከጨመርሽበት ግን አረፋው ከቢከሩ ይወጣል፣ ናሙናሽም አብሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ፐርኦክሳይድ የአንዳንዱን ክር ቀለም እንደሚያደበዝዝም እወቂ፤ በቀለም የምትመድቢ ከሆነ ከየቀለሙ የታወቀ ክር አብረሽ ንከሪና እዪ።

ከአንጀቱ የሚወጣ ደቃቅ አሸዋ ማጣሪያውን ሲያለብሰው ብዙዎች በጨው ማንሳፈፍ ይሞክራሉ። የገበታ ጨው እስኪበቃው ድረስ፣ በ1 ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ፣ ሲሟሟ ጥግግቱ 1.2 ይሆናል። ፌስታልና የማዳበሪያ ከረጢት ከውሃም ይቀላሉ፣ ናይሎንም 1.14 አካባቢ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ፖሊስተር ግን 1.38 ነው፤ ከአሸዋው ጋር ይዘቅጥና «ፖሊስተር አልተገኘም» የሚል ውጤት ይወጣል። ዚንክ ክሎራይድ ከ1.5 በላይ ስለሚደርስ ያነሳዋል፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ወደ ቱቦ ቢደፋ የምታጠኚያቸውን እንስሳት የሚገድል ነው። ለዚህ መጠን ናሙና ማንሳፈፉ አያስፈልግም፣ ሁለት ማጣሪያ ላይ አከፋፍለሽ ቁጠሪ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ተቀበዪ። በ40 እጥፍ በዓይን ለይቶ በእርግጠኝነት መቁጠር የሚቻለው 100 ማይክሮን ድረስ ነው። ቺሮኖሚድ በብዛት የሚውጠው ስብርባሪ ከዚያ ያነሰ ነው። የሚያመልጥሽ ክሩ አይደለም፤ ውፍረቱ 10 ወይም 20 ማይክሮን ቢሆንም ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ይታያል፣ እንስሳውም በርዝመቱ ይውጠዋል። ስለዚህ ርዕስሽ ላይ «ማይክሮፕላስቲክ» ከማለት «የፕላስቲክ ክር» በይ።

ሐይቅ_ዳር፦

ስለ ማሟሟቱ ወንፊት ጨርሶታል፣ እኔ ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ላይ ልምጣ።

መጀመሪያ ከአዳኞችሽ ሁለቱን አስወጪ። የውሃ ትኋኑ በመርፌ መሰል አፉ ያደነውን ይወጋል፣ የሚያሟሟ ፈሳሽ ይለቅበታል፣ ከዚያ ጭማቂውን ይመጥጣል። በዚያ ቀዳዳ ክር አያልፍም። ክር ብታገኚበት ከላዩ የተጣበቀ ነው፣ ወይም የላቦራቶሪሽ ነው። አልቅትም ዓይነቱ ካልታወቀ ደም መጣጭ ይሁን ትል ዋጭ አይለይም። ድራጎንፍላይ ግን መንጋጋ አለው፣ ያደነውን ከነአንጀቱ ይውጣል። ሰንሰለት ለማሳየት የሚሆነው እሱ ነው። ሸርጣን ካገኘሽም ያኝካል፣ ግን የሞተውንም ጭቃውንም ስለሚበላ ክሩ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

አሁን ወደ «መከማቸት» እንምጣ። በሚከተለው ምሳሌ (ቁጥሩ ለማሳያ የተያዘ ነው) ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንድ ቺሮኖሚድ በአማካይ 0.2 ክር ይዟል እንበል፣ ክብደቱ 5 ሚሊ ግራም። ድራጎንፍላዩ በቀን 10 ይበላል፣ ስለዚህ በቀን 2 ክር ይገባለታል። የበላው ግማሽ ቀን ሆዱ ውስጥ ከቆየ፣ በየትኛውም ሰዓት ብትከፍቺው በአማካይ 1 ክር ታገኛለሽ። በነፍስ ወከፍ ስትቆጥሪ አዳኙ ከታዳኙ 5 እጥፍ አለው፤ «ተከማቸ» ያሰኛል። አዳኙ ግን 300 ሚሊ ግራም ይመዝናል። በሚሊ ግራም ስታሰዪው ታዳኙ 0.04፣ አዳኙ 0.003 ገደማ፤ 12 እጥፍ ቀነሰ። ያው ዳታ ነው። ሁለቱንም አሃድ ጎን ለጎን ካላቀረብሽ ፈታኙ በመጀመሪያው ጥያቄ ይጥልሻል።

ክር እንደ ፀረ ተባዩ ዲዲቲ ስብ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። ገብቶ ይወጣል፤ የምትለኪው መንገደኛውን እንጂ ነዋሪውን አይደለም። «መተላለፍ» ማለት ትችያለሽ፣ «እየጨመረ መሄድ» ለማለት ግን ከሥጋ ውስጥ አለመውጣቱን ማሳየት ያስፈልጋል።

መተላለፉ ቀላል ነገር ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ2020 ደቡብ ዌልስ ወንዞች ላይ የወጣ ጥናት፣ የውሃ ነፍሳት የምትለቅም ዲፐር የተባለች ወፍ በምግቧ በቀን 200 ያህል የፕላስቲክ ቅንጣት እንደምትውጥ ገምቷል። በ2018 ደግሞ የቢምቢ እጭ የዋጠው ባለ 2 ማይክሮን ዶቃ ወደ በራሪው ቢምቢ አካል ተሻግሮ ተገኝቷል፣ ያውም እንደ ኩላሊት በሚያገለግሉት ቱቦዎች ውስጥ፤ የ15 ማይክሮኑ ግን በዚያ ልክ አልተሻገረም። ክር የሚያህል ነገር እጩ ቆዳውንና የአንጀቱን ሽፋን ሲጥል አብሮ ይጣላል ብሎ መገመት ይሻላል። እዚህ አገርም ዝዋይ ላይ በ2020 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ተገኝቶባቸዋል፣ ከታች ጭቃው አካባቢ የሚመገቡት የበለጠ ነበራቸው። የጭቃውን ትል የሚበላ ማን እንደሆነ ያስጠረጥራል፤ ቢሆንም ዓሣው ራሱ ጭቃውን ሊቅም ይችላልና ከዚያ በላይ አያስኬድም።

ጉዳቱን ከወንዙ ናሙና አታወጪም። ከኮምቦልቻ በታች ያለው እንስሳ ፕላስቲክ ብቻ አይደለም የሚደርሰው፤ የከተማ ፍሳሽ አለ፣ የፋብሪካ ውሃ አለ፣ የኦክስጅን እጥረት አለ። ቀዩ ቺሮኖሚድ እዚያ የበዛው ደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን ስላለውና ኦክስጅን ያነሰውን ጭቃ ስለሚችል ነው። ሜይፍላዩ ከጠፋ ክር አጠፋው አትበይ። በላቦራቶሪም ቢሆን ውጤቱ አንድ አይደለም። የአውስትራሊያ ቺሮኖሚድ ላይ ከ10 እስከ 27 ማይክሮን ያለው ፖሊኢቲሊን በ1 ኪሎ ጭቃ 500 ቅንጣት ብቻ ሆኖ ዕድገቱንና ወደ በራሪነት መውጣቱን ቀንሶታል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ስድስት ዓይነት እንስሳት ከጭቃው ክብደት እስከ 40 በመቶ ፕላስቲክ ተሰጥቷቸው አልሞቱም፤ ዕድገቱ የቀነሰው የአንዱ፣ የጋማሩስ (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የውሃ እንስሳ)፣ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቅንጣቱ ትንሽና ከምግቡ ጋር የሚመሳሰል መሆን አለመሆኑ ላይ ይመስለኛል፤ ሆዱን ሞልቶ ምግብ ሲያሳንስበት ይጎዳል። ዳፍኒያም (የውሃ ቁንጫ የምትባለው ደቃቅ እንስሳ) በፖሊስተር ክር የሞተችው በተራበችበት ነው፤ አስቀድማ አልጌ የተመገበችው ተርፋለች።

ጦሳ_ሥር፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ሐይቅ_ዳር፣ የእርስዎ ስሌት ዕቅዴን ገለበጠው፤ የውሃ ትኋኑን አውጥቻለሁ።

አንድ የሙከራ ዙር ባዶ ናሙና አስኪጄ ነበር፣ ያለ እንስሳ፣ ኬሚካሉ ብቻ። በአንዱ 1፣ በአንዱ 2፣ በሦስተኛው 3 ክር ወጣ፣ አብዛኛው ሰማያዊ። ይሄ ብዙ ነው? ክሩ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ያለ ኤፍቲአይአር እንዴት ይለያል?

ወንፊት፦

ለጀማሪ ላቦራቶሪ ብዙ አይደለም፣ ግን የሚያስከፍልሽን አስዪ። አማካዩ 2፣ መደበኛ ልዩነቱ 1። አማካዩ ላይ ሦስት ጊዜ ልዩነቱ ሲደመር 5። ከ5 ክር በታች የተገኘበት ናሙና ለንባብ አይበቃም ማለት ነው። በጋሼ ምሳሌ 0.2 ክር በእጭ ከሆነ 10 እጭ 2 ክር ይሰጣል፣ ዋጋ የለውም። 30 እጭ 6 ይሰጣል፣ ለጥቂት ያልፋል። ስለዚህ ለቺሮኖሚድ ቢያንስ 30 በአንድ ጠርሙስ፣ ከየቦታው 8 ወይም 10 ጠርሙስ። ድራጎንፍላይ ያን ያህል ስለማይገኝ ከ3 እስከ 5 በአንድ ላይ። በየ10 ናሙናው 3 ባዶ ይሂድ።

ሰማያዊው ጂንስ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ጂንስ ጥጥ ነው፣ በሁሉም ሰው ላይ አለ፣ በቁጥርም ይበዛል። ወንዝ ላይም ላቦራቶሪም ሁላችሁም ብርቱካናማ የጥጥ ቲሸርት ልበሱ፤ ብርቱካናማ ክር ሲገኝ የእናንተ መሆኑ ይታወቃል። ፍሊስ ሹራብ የለበሰ ሰው በሩን አይለፍ፣ የደሴ ብርድም ቢሆን። ጋቢ ነጭ ጥጥ ስለሆነ ይለያል፣ ግን ይራገፋልና እሱም ውጭ ይቅር።

የወንዙ መረብሽ ናይሎን ነው፣ ስለዚህ ከመረቡ ቁራጭ ቆርጠሽ ስላይድ ላይ ለማነጻጸሪያ አስቀምጪ። ያጠመድሽውን በሃይላንድ አትያዢ። የማርማላታ ጠርሙስ ይሁን፣ ክዳኑ ውስጥ ያለው ሽፋን ፕላስቲክ ስለሆነ ከሥሩ ፎይል አድርጊ። አዳኙንና ታዳኙን አንድ ትሪ ላይ ካቆየሻቸው እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይጸዳዳሉ፤ ሰንሰለቱን ትሪው ላይ ሠራሽው ማለት ነው። ወዲያው ለዪና ወዲያው አልኮል ውስጥ። ሲፈሩ ሆዳቸውን ባዶ ስለሚያደርጉ ሰዓቷም ዋጋ አላት።

ቀን_ሠሪ፦

ለክር መለየቱ ገንዘብ የማያስወጣ መንገድ አለ፤ ፖላራይዘር፣ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልም። ከተበላሸ የሂሳብ ማሽን መስታወት ላይ ስሱን ፊልም ላጪ፣ ሁለት ቁራጭ አድርጊው። አንዱን ከስላይዱ በታች መብራቱ ላይ፣ ሌላውን ከስላይዱ በላይ ከሌንሱ ሥር። የላይኛውን አዙሪው፣ ሜዳው እስኪጨልም። ከዚያ ስላይዱን ቀስ ብለሽ አሽከርክሪ።

ፖሊስተር በጨለማው ውስጥ ቀስተ ደመና እየመሰለ ደምቆ ይበራል፤ በየ90 ዲግሪው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ መልሶ ይበራል። ጥጥ ይበራል ግን በየትኛውም አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ውስጡ የተጠማዘዘ ነው። በተራው ብርሃንም ጠፍጣፋ፣ እንደ ተፈተለ ጥብጣብ ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ የማይለወጥ ለስላሳ ዘንግ። ከማጣሪያው የረገፈ የግላስ ፋይበር ጨርሶ አይበራም። አክሬሊክስ ደብዘዝ ይላል፤ እሱ ያታልላል። ከማዳበሪያ ከረጢት የተራገፈው ደግሞ ክብ አይደለም፣ ዳርና ዳሩ የተሰነጠቀ ጠፍጣፋ ሪባን ነው፤ በደንብ ይበራል። ቦርከና ዳር አሸዋ የሚሞላበት፣ እርከን የሚደገፍበት ከረጢት ፀሐይ መትቶት እንደ ገለባ ሲበን የሚወጣው ያ ነው።

ካጠራጠረሽ የጋለ መርፌ። ፕላስቲኩ ይኮማተራል ወይም ቀልጦ ይጣበቃል፤ ጥጥና ሱፍ ያርራሉ። ቪስኮስ የሚባለው ከእንጨት ተሠርቶ ፋብሪካ የወጣ ስለሆነ አይቀልጥም፣ ያርራል፤ እሱን ለብቻ ዓምድ ስጪው፣ ከፕላስቲክ አትደምሪው።

ናይል ሬድ የሚባለውን፣ ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ የሚያበራ ቀለም እንዳትሞክሪ አልልም፣ ግን ለክር ይከዳል። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር አያበራም፣ ያልሟሟ የእንስሳ ስብ ግን ያበራል።

ሐይቅ_ዳር፦

ቀን_ሠሪ፣ እጅህን ይባርከው። ፖላራይዘሩን እኔም ልጠቁም ነበር፣ እንዲህ አድርጌ ግን አልገልጸውም።

ልጄ፣ መተላለፉን በእርግጠኝነት ማሳየት ከፈለግሽ ከወንዙ ሥራ ጎን ትንሽ የጠርሙስ ሙከራ ጨምሪ። ወንዙ ስርጭቱን ይነግርሻል፣ ጠርሙሱ ደግሞ መንገዱን። ፍልቅልቅ ሮዝ የፖሊስተር የልብስ ስፌት ክር ግዢ፣ በላቦራቶሪሽ የሌለ ቀለም ይሁን። ብዙ ክር አንድ ላይ አስረሽ ጫፉን በምላጭ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ እየከተፍሽ ሰብስቢ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢ፤ ክሩ ላይ ያለው ቅባትና ቀለም ራሱ እንስሳ ሊጎዳ ይችላል። (በፋብሪካ የሚሸጡት የፕላስቲክ ዶቃዎች ላይም ይሄው ደርሷል፤ ለማቆያ የተጨመረባቸው ሶዲየም አዛይድ ዳፍኒያን ሲገድል ጥፋቱ ለፕላስቲኩ ተሰጥቷል።)

ቺሮኖሚዶቹን ክር በተቀላቀለበት ደቃቅ ጭቃ ላይ አንድ ቀን አሳድሪ። ስታወጫቸው አንድ በአንድ በፒፔት እጠቢ፣ በማይክሮስኮፕ ላያቸው ላይ የተጣበቀ አለመኖሩን እዪ። ከዚያ ለየብቻው ጠርሙስ ለተቀመጠ፣ ሁለት ቀን ለተራበ የድራጎንፍላይ እጭ 5 እጭ ስጪ። የማይተው ነገር ማነጻጸሪያዎቹ ናቸው። አንዱ ድራጎንፍላይ ክር ያልበላ ቺሮኖሚድ ይብላ። ሌላው ምንም ሳይበላ ክር የበሉት የታጠቡበት ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ያኛው ከታዳኙ ሌላ በውሃው የሚገባውን ይነግርሻል፤ የድራጎንፍላይ እጭ በኋላው ውሃ እየሳበ ስለሚተነፍስ ክር በዚያም ሊገባበት ይችላል።

ከዚያ በኋላ እንስሳውን ወዲያው አትክፈቺው። በየ6 ሰዓቱ ኩሱን በፒፔት አንሺ። ኩሱ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ቡናማ ሲሊንደር ነው፤ ስላይድ ላይ በመርፌ ስትቀጂው ሮዙ ክር ተጠቅልሎ ይወጣል። የገባውን ታውቂያለሽ፣ የወጣውን ቆጥረሻል፤ የቀረው ሆዱ ውስጥ ነው፣ ወይም ጠፍቶብሻል። መጨረሻ ላይ ከፍተሽ ስትቆጥሪ ሁለቱ ካልገጠሙ መጀመሪያ የፒፔትሽን ውስጥ እዪ፤ ክር ፕላስቲክ ፒፔት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። የመስታወት ተጠቀሚ።

ጦሳ_ሥር፦

ገባኝ ጋሼ። የመጨረሻ፦ የወንዙን ናሙና በየትኛው ወር? በልግም ክረምትም ስላለብን ግራ ገባኝ።

ወንፊት፦

ክረምት ላይ አትውረጂ። ጎርፉ ድንጋዩን ከነእንስሳው ይጠርገዋል፤ የምታገኚው ከላይ የመጣ እንጂ የቦታው ነዋሪ አይሆንም። ውሃው ጠርቶ ከወረደና እንስሳቱ መልሰው ከሰፈሩ በኋላ አንዴ፣ ኅዳር ጥሩ ነው። ሁለተኛው ጥር መጨረሻ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጥል፤ ውሃው ያነሰበት፣ ልብስ አጠባው የበዛበት፣ ፍሳሹ የማይቀጥንበት ነው። በልግ ከጣለ ከመጀመሪያው ጎርፍ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ሦስቱንም ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምረሽ፤ ከላይ ስትጀምሪ የቀሰቀስሽው ጭቃ ቀድሞሽ ይወርዳል። በየቦታው አንድ ክፍት ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ናሙና በምትለዪበት ሰዓት ሁሉ አጠገብሽ ይቀመጥ፤ የሜዳው ባዶ ናሙና እሱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መንገድ ዳር ከሆነ ቁጥሩ ከላቦራቶሪው ባዶ ይበልጣል፣ አትደንግጪ፤ የዚያን ቦታ ውጤት በዚያው ባዶ አስዪ።